ሮዜልን ባታክ ማድረስ

እኛ ዘንድ ወደ ሰው አገር የምትሄድ እናት ልጇን አትሰናበትም። ልጁ እስኪተኛ ወይም በጨዋታ እስኪዘናጋ ትጠብቅና ውልቅ ትላለች። ይህን እንደ ጭካኔ የሚያየው የለም፤ እንዲያውም ርኅራኄ ነው ይባላል። ልጁ አያለቅስም፣ የእናትየዋም ጉልበት አይከዳትም፣ ጎረቤትም በማለዳ ዋይታ አይቀሰቀስም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ከፊሊፒንስ ሰሜን ባለችው በከተማችን በባታክ ይህን ጥበብ ያልተካነች ሴት ካለች እኔ በበኩሌ አላውቃትም።

ማሪቪክም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ኢጣልያ አገር፣ ሚላኖ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኛና ሸኚ ከሚለያዩበት በር ወዲህ፣ ለሦስት ዓመቷ ልጇ ለሮዜል አይስክሬም ገዝታ ሰጠቻትና ከአያትየዋ ከሄርሚንያ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። የሄርሚንያ ሥራ የልጅቷን ፊት ወደ ሌላ በኩል ማዞር ነበር። አዞረች። አንድ ሰውዬ ወለል የምታጥብ መኪና ላይ ተቀምጦ ሲዞር አይታ «እይው፣ እይው፣ መኪናዋ ውሃ ስትጠጣ» አለቻት። ማሪቪክ ጥቂት ወደ ኋላ ኋላ ሄደች፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ሰው መካከል ገባች። ሄርሚንያ የልጇን የማሪቪክን ነጭ ሹራብ በዓይኗ ተከትላ እስክታጣው ድረስ ስለ መኪናዋ ማውራቷን አላቋረጠችም። አይስክሬሙ ሲያልቅ ሮዜል «ማማስ?» ብላ ጠየቀች፤ ትመጣለች ተባለች።

ሄርሚንያን ሚላኖ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መናፈሻው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ምግብ ሲቀርብ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማው እሷ ናት። እኛ ኢሎካኖዎች፣ የባታክና የአካባቢዋ ሰዎች፣ በንፉግነት ስማችን ወጥቷል፤ ሌሎቹ ፊሊፒናውያን ይህን አንስተው ሊያበሽቋት ሲሞክሩ፣ እኛ ንፉግ አይደለንም፣ ገንዘባችን ነው ከእኛ መለየት የማይሆንለት ብላ አፋቸውን ታስይዛለች። የምትኖረው አልጋ ላይ ከዋለች አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ታገላብጣታለች። ባልቴቷ ስሟን መጥራት ቸግሯት ይሁን ሰልችቷት «ሚና» ነው የምትላት፤ ሄርሚንያም አቤት ስትል ኖራለች።

ከባታክ የወጣችው ባሏ ከሩዝ መኪና ላይ ወድቆ በሞተ በዓመቱ ነው። ማሪቪክ ያን ጊዜ ልክ ሮዜልን ታክል ነበር። ሄርሚንያ ማለዳ ተነሳች፣ ልጇን ከእናቷ ጎን እንደተኛች ተወቻት፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። የመኖሪያ ፈቃድ እስክታገኝ ዓመታት ስለፈጀ ቶሎ መመለስ አልቻለችም። በመጨረሻ የመጣች ዕለት ልጅቷ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ «እንደምን ዋሉ» አለቻት። በአንቱታ። ሄርሚንያ ይህን ታሪክ እየሳቀች ነው የምታወራው፤ ሰሚዎቿም ይስቃሉ። ከሚስቁት ሴቶች መካከል ተመሳሳዩ ያልደረሰባት ጥቂት ናት።

ማሪቪክ ካደገች በኋላ ሄርሚንያ ሚላኖ ወስዳት ነበር። እዚያ ሥራ ያዘች፣ እዚያ ወለደች፤ የሮዜል አባት ግን ልጅቷ መራመድ ሳትጀምር ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ስልኩን ቀየረ። አሁን ደግሞ ማሪቪክ እንደ እናቷ አዳሪ ሥራ አገኘች፣ ሽማግሌ ማስታመም፤ አሠሪዎቹም ልጅ ይዘሽ አትገቢም አሏት። ስለዚህ ሮዜል ባታክ፣ የሄርሚንያ ታናሽ እህት ፌሊሳ ጋ እንድታድግ ተወሰነ። ሄርሚንያ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ልጅቷን ታደርሳለች፣ አንድ ወር አብራት ሰንብታ ታላምዳታለች፣ ከዚያ በደንቡ መሠረት ውልቅ ብላ ትመለሳለች።

ሄርሚንያ መጀመሪያ ተከራክራ ነበር። እየተቀባበልን እዚሁ እናሳድጋታለን አለች። የት ነው የምናሳድጋት፣ አንቺም ሰው ቤት ነሽ፣ እኔም ሰው ቤት ነኝ ተባለች። ልጅ ከእናቱ ሲለይ ይጎዳል ብላ ስትጨምር ማሪቪክ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እኔንስ ትተሽኝ ሄደሽ የለም ወይ፣ ማማ? ታዲያ ምን ሆንኩ?»

ሄርሚንያ የተከተፈውን ሽንኩርት ሰብስባ አነሳችላት። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አይደለም ብላም ራሷን አጽናናች።

እስከ ዓረብ አገር ድረስ ያለውን መንገድ ሮዜል ተኝታ ጨረሰችው። ችግሩ ከዚያ ወደ ዋና ከተማችን ወደ ማኒላ በሚሄደው፣ ቀኑን ሙሉ በሚበረው ትልቁ አውሮፕላን ላይ መጣ። ያ አውሮፕላን የእኛ ሰው የሞላበት ነው። የቤት ሠራተኛው፣ ነርሱ፣ መርከበኛው፣ ግንበኛው ሁሉ ወደ አገሩ የሚገባበት ስለሆነ ገና ሳይነሳ የሠርግ ቤት ይመስላል። ከላይ ያለው የዕቃ መደርደሪያ በቸኮሌትና በብርድ ልብስ ተጠቅጥቆ አልዘጋ ይላል፤ ሰው ከወንበር ወንበር እየተጠራራ የየትኛው አውራጃ ልጅ ነሽ ይባባላል።

ሮዜል ስትነጫነጭ ሄርሚንያ ከእጅ ቦርሳዋ የማሪቪክን የሌሊት ልብስ አወጣችላት። ይህም ወግ ነው። እናት ለብሳው ያደረችው፣ ያልታጠበ ልብስ ለልጇ ይቀመጥለታል፣ በጠረኑ ይረጋጋል ተብሎ። ማሪቪክ በላስቲክ ጠቅልላ ነበር የሰጠቻት። ሮዜል ልብሱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በደንብ አሸተተችው። ፊቷ በራ። ቀና ብላ ግራ ቀኝ አየች።

«ማማ እዚህ ናት!» አለች።

እርግጥ ነው፣ ልጅ ምን ያስብ? ጠረኗ ካለ እሷም አለች። ይህን ወግ ያወጡ አያቶቻችን በእግርና በጋሪ ይሄዱ የነበሩ ናቸው፤ ልጅ ይዞ መብረር የሚባል ነገር ይመጣል ብለው አላሰቡም። ሄርሚንያም ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረባት። ግን አፍ ለምዶበታልና «አዎ፣ ወደ ፊት ተቀምጣለች» አለቻት። እስክትተኛ ትቆይልኛለች ብላ የወረወረቻት ውሸት ናት።

ሮዜል ግን አልተኛችም። የወንበር ቀበቶ መብራት እንደጠፋ ልብሱን በብብቷ ይዛ ወረደች። ከፊት ጀመረች። በየመስመሩ ትቆማለች፣ የወንበሩን ክንድ ይዛ ተንጠራርታ የእያንዳንዷን ሴት ፊት ታያለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አትቸኩልም፣ አታለቅስም። ዶሮ ጠፍቶባት በየጎረቤቱ የምትጠይቅ ባልቴት ነው የምትመስለው። አንዷ ተሸፋፍና ተኝታ ስለነበር ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርጋ አየቻት። ሄርሚንያ ከኋላዋ ይቅርታ እየጠየቀች ትከተላለች።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። አንድ መርከበኛ «ይህቺ ፖሊስ ደግሞ ማንን ነው የምትፈልገው?» አለ።

«እናቷን» አለች ሄርሚንያ።

እናትየዋ የት እንደተቀመጠች ሲጠይቃት ሄርሚንያ ከልጅቷ ራስ በላይ አንገቷን ወዘወዘች። ሰውየው ገባው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ መስኮቱ ግን ተጋርዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬው ከልጅቷ እየቀደመ በየመስመሩ ደረሰ። ሮዜል ስትመጣ ሴቶቹ ተዘጋጅተው ይጠብቋታል። አንዷ ከረሜላ አውጥታ ትሰጣታለች፣ አንዷ እናትሽ አሁን በዚህ አለፈች ትላታለች፣ ሌላዋ ደግሞ አይቻታለሁ፣ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች ትላለች። ማንም አላስተማራቸውም፤ እያንዳንዷ በራሷ ቤት፣ በራሷ ልጅ ላይ የተለማመደችውን ነው የምታወጣው። እንዲህ ያለ ውሸት ስንዋሽ እኛን የሚያህል የለም። አንዷ ግን፣ በዕድሜ ከሁሉ የምታንሰው፣ ሮዜል ፊቷን ስታይ አልቻለችም፤ በመሐረብ ተሸፍና ተንሰቀሰቀች። ሮዜል ትንሽ ቆማ አየቻትና እናቷ አለመሆኗን አረጋግጣ አለፈች።

የመጨረሻው መስመር ላይ ክሪስፒና የምትባል ጠና ያለች ሴት ነበረች። ልጅቷ የሰዉን ፊት ሁሉ ጨርሳ እሷ ዘንድ ስትደርስ ጨነቃት።

«ሽንት ቤት ገብታ ነው የእኔ ቆንጆ» አለቻት። «አሁን ትወጣለች።»

ለደግ ብላ ነው። ግን ይህ ውሸት መጠበቂያ ቦታ ያለው ውሸት ሆነ። ሮዜል በአውሮፕላኑ ጭራ፣ ከሽንት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ወለል ላይ ቁጭ አለች። በሩ ተከፈተ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ወጣ። ተነስታ ወደ ውስጥ አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ገባ፣ ወጣ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ትነሳለች፣ ታያለች፣ ትቀመጣለች። አስተናጋጇ መንገድ ዘጋችሁ ልትል መጥታ የልጅቷን ሁኔታ አይታ ተመለሰች። ኋላ ሰው ከዚያ ሽንት ቤት መግባት ፈራ፤ ሁሉም ወደ ፊተኛው ይሄድ ጀመር። በሩ ሳይከፈት ብዙ ቆየ። ሮዜል ተነሳች፣ በመዳፏ በሩን መታ መታ አደረገች።

«ማማ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ሄርሚንያ ውሸቱን የተወችው እዚህ ላይ ነው። ስንት ዓመት ስትስቅበት የኖረችው ነገር ሁሉ አሁን አላሳቃትም። ጉልበቷን እያመማት ወለሉ ላይ ወረደች፣ ልጅቷን ወደ ራሷ አዞረች።

«ስሚኝ ሮዜል። ማማ እዚያ ውስጥ የለችም። አውሮፕላኑ ውስጥም የለችም።»

«የት ናት?»

«ሚላኖ ቀርታለች፣ ሥራ አላት። የምንሄደው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

ልጅቷ ይህን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት። «አይስክሬም ስበላ ነው የሄደችው?»

«አዎ።»

«ሁለተኛ አይስክሬም አልበላም» አለች ሮዜል።

ከዚያ አለቀሰች። እንዴት ያለ ለቅሶ! ወንበር ሁሉ ዞሮ አየ፤ የተኛው ነቃ። ሄርሚንያ አቅፋ ብትይዛት እየተወራጨች ደረቷን መታቻት፣ የበላችውን ሁሉ በቀሚሷ ላይ አስመለሰች፤ ሄርሚንያም አልቀየረችውም፣ እንዲሁ ይዛት ቆየች። ክሪስፒና መጥታ በቁጣ ገሠጸቻት። ለሕፃን ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል ወይ፣ ሁለት ቀን ብትዋሽያት ትረሳው አልነበር ወይ አለቻት። ልጅ ይረሳል። ሄርሚንያ ይህችን ቃል ታውቃታለች፤ ስንት ሌሊት ለራሷ ደግማታለች።

ለቅሶው ሲያልቅ ሮዜል ጭኗ ላይ ተኛች። እንቅልፍ ወሰዳት ሲባል ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች።

«አንቺስ ሊላንግ? አንቺም ትሄጃለሽ?»

ሊላንግ እኛ አያታችንን የምንጠራበት ነው። ሄርሚንያ ቦርሳዋ ውስጥ የመመለሻ ቲኬት አላት። ባልቴቷ ትጠብቃለች፣ ሥራዋ ይጠብቃል። ግን አንዴ እውነት መናገር ጀምራ መልሳ ወደ ውሸት እንዴት ትግባ?

«አልሄድም» አለች።

ሰማይ ላይ የተገባ ቃል መሬት ሲደርስ ይከብዳል። ማኒላ ወርደው፣ አውቶቡስ ይዘው ባታክ እስኪገቡ ድረስ ሄርሚንያ በዚያች ቃል ስትጨነቅ ነበር። ፌሊሳ በር ላይ ቆማ ተቀበለቻቸው። ፌሊሳ ባል ያላገባች፣ ነጭ ሽንኩርትና ዶሮ ያላት፣ ቁጥብ ሴት ናት። ልጅቷን አገላብጣ አየችና አጥንት ብቻ ነው ያመጣሽልኝ አለች፤ ወዲያው ግን ዶሮ አረደች።

ሮዜል ከሄርሚንያ ቀሚስ አልለይ አለች። አያቷ ወደ ማሳ ስትወርድ ቀሚሷን ይዛ አብራት ትወርዳለች፤ ገላዋን ስትታጠብ በሩ ሥር ቁጭ ብላ «ሊላንግ፣ አለሽ?» ትላለች። «አለሁ» ካልተባለች መልሳ ትጠይቃለች። የፌሊሳን ዶሮዎች ወደደቻቸው፣ ስም አወጣችላቸው፤ ግን ከዶሮ ወደ ዶሮ ስትሮጥም በየመሀሉ ዞር ብላ የቤቱን ደረጃ ታያለች፣ ሄርሚንያ እዚያ መኖሯን ለማወቅ።

የመመለሻው ቀን ሲቀርብ ፌሊሳ ነገሩን አዘጋጀችው። ልጅቷን ኤምፓናዳ፣ የባታክን ሳምቡሳ፣ ላብላሽ ብላ ወደ ገበያ ትወስዳታለች፤ ሄርሚንያ ያኔ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ሄርሚንያ ቃል መግባቷን ለእህቷ አልነገረቻትም። ለሦስት ዓመት ልጅ የገባችውን ቃል ብትነግራት ፌሊሳ በሳቅ ትሞታለች። ራሷንም እንዲህ ብላ አሳመነች፦ ማሪቪክ በአንድ ሰው ደመወዝ ብቻዋን አትችለውም፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ፣ ልጅም ይለምዳል። ብቻ በዋዜማው ማታ እራት ሲያነሱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ነገር፣ ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

«እኔ የሄድኩ ጊዜ ማሪቪክ ምን ሆነች?»

ፌሊሳ ሳህኑን ማጠቧን ቀጠለች። «ምን ትሆናለች፣ ፈለገችሽ። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ። ጎረቤት ቤት እየገባች ድስት ትከፍት ነበር።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም ማናንግ» አለች፣ ታላቅ እህት በሚጠራበት ስም። «እናታችንን ያስፈራት ይሄ ነበር። ስትፈልግ ሰነበተችና አንድ ቀን ተወችው።»

ሌላ አልተነጋገሩም። ጠዋት ፌሊሳ ልጅቷን ይዛ ወጣች። ሮዜል ከበር ዞራ «አለሽ?» አለች፤ ሄርሚንያም «አለሁ» አለች። ጎኗ ላይ መቀመጫ የተቀጠለላት ሞተር መጣች፣ ሻንጣው ተጫነ፣ ሄርሚንያ ተቀመጠች። ሾፌሩ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ኢጣልያ ለእኔም ሥራ ፈልጊልኝ እያለ ሲቀልድ ሄደ። የሽንኩርት ማሳውን አልፈው ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ሄርሚንያ መልስ መስጠት እንዳቆመች አየ። ድስት የምትከፍት ልጅ ነበረች ዓይኗ ላይ፤ ማሪቪክ ትሁን ሮዜል መለየት አቅቷታል።

«አዙረኝ» አለችው።

ሮዜልና ፌሊሳ ከገበያ ሲመለሱ ሄርሚንያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትገነጥል ነበር። ሮዜል አፏ ዙሪያውን ቅባት ብቻ ሆና መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የሆነ ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀችም። ፌሊሳ ሻንጣውን አየች፣ እህቷን አየች።

«አውሮፕላኑ አምልጦሽ ነው?»

«እኔ ነኝ ያመለጥኩት።»

ፌሊሳ ብዙ አጉረመረመች። ከእንግዲህ በምን ትኖሪያለሽ፣ ወገብሽ ማሳ አይችልም፣ ማሪቪክንስ ማን ያግዛታል አለች። ሁሉም እውነት ነበር። ሄርሚንያ ግን መጀመሪያ ከባታክ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ቀሏት አያውቅም። ሚላኖ ደውላ ለባልቴቷ ልጅ መቅረቷን ተናገረች፤ ተሰደበች፤ ስድቡ እንኳ አልከበዳትም። ከሁሉ የምትቸኩለው ግን ለማሪቪክ ለመንገር ነበር። ልጄ ደስ ይላታል፣ አሁን እንቅልፍ ትተኛለች ብላ። ማሪቪክን ለመካስ ዕድሜ ልኳን ዕቃ ስትልክ ኖራለች፤ አሁን ገና እውነተኛ ስጦታ ያገኘች መሰላት።

እሑድ ማሪቪክ ዕረፍት ስትሆን ደወለች። ልጇ በስልኩ መስታወት ውስጥ ፀጉሯን እያበጠረች ታየቻት። ሄርሚንያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት፣ ሽንት ቤቱን በር፣ ለቅሶውን፣ የገባችውን ቃል፣ ከመንገድ መመለሷን። እኔ አለሁላት፣ እስክታድግ አሳድጋታለሁ፣ አንቺ አታስቢ አለቻት። ማሪቪክ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«ጥሩ አደረግሽ» አለች።

ግን ፊቷ ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም። ሄርሚንያ ማሪቪክ የደመወዙን መቅረት የፈራች መሰላት፤ ስለ ገንዘቡ እግዚአብሔር ያውቃል ልትል ጀመረች። ማሪቪክ አቋረጠቻት።

«አትሂጂ ብላ ለመነችሽ?»

«አዎ። አንቺም ትሄጃለሽ ወይ አለችኝ። ጭኔ ላይ ተኝታ ስትጠይቀኝ እንዴት እሄዳለሁ ልበላት?»

ማሪቪክ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉሯን ለቀመች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያለ ቁጣ ተናገረች።

«እኔ እኮ ተኝቼ ነበር፣ ማማ። ብትቀሰቅሺኝ እኔም እለምንሽ ነበር።»

ሄርሚንያ ይቅር በይኝ የሚለው ቃል መጣባት፤ ግን ለዚህ ያንሳል። ሮዜል የእናቷን ድምፅ ሰምታ እየሮጠች መጣችና ስልኩን ከእጇ ወሰደች፤ ወደ ግቢው ይዛው ወርዳ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ታሳያት ጀመር። ማሪቪክ የእያንዳንዷን ስም ትጠይቃለች፣ ትስቃለች፣ ጅራቷን አሳዪኝ፣ እንቁላል ጥላለች ወይ ትላለች። ሄርሚንያ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ሰማቻት። ያን ደስ ያለው የሚመስል ድምፅ ታውቀዋለች። እሷም ከሚላኖ በደወለች ቁጥር ለማሪቪክ የምታወጣው ድምፅ ነበር።